የማይጋባ ሕመም
ፖሊሶች የያዙኝ ረፋድ ላይ ነው፤ ቦሌ ሚካኤል ከተከራየሁት ቤት ወጥቼ ወደ ሥራ ስሄድ። ያኔ፣ በዘጠናዎቹ ውስጥ፣ አንድ ኮሌጅ ባዮኬሚስትሪ አስተምር ነበር። መምህራን ተሰብስበን አቤቱታ ጽፈን ነበር፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ከቦርሳዬ ያገኙት ግን የማስተማሪያ ደብተሬን ብቻ ነው።

መርማሪው ደብተሩን ገለጠ። «ይሄ ኢንዛይም የምትለው ማነው?»

«ሰው አይደለም። ሰውነታችን ውስጥ ያለ ነገር ነው። ቆዳ ሲያድግ ቅባቱን የሚያሰናዳ።»

«ትቀልድብኛለህ?» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዘለዋለሁ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ሥር የሽንት ባልዲ። እስረኛው ከመብዛቱ የተነሳ በጎን ካልሆነ መተኛት አይቻልም። ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ፣ ወፍራም ነጋዴ ነበር። ወደ ባልዲው እያመለከተ፣ «እዚያ ጋ ብቻ እንዳትጠጋ» አለኝ።

በባልዲውና በግድግዳው መካከል ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ተቀምጠዋል። ከአራብሳ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ለምን እንደታሰሩ እንኳ አልተነገራቸውም። ክንዳቸውና ቅልጥማቸው ጥቁር ቡናማ ቅርፊት ለብሷል፤ ሲያኩት ይረግፋል። መዳፋቸው ግን ንጹሕ ነው። መዳፋቸውን ሳይ ሕመሙን አወቅሁት፤ ይሄኛው መዳፍ አይነካም።

ሌሎቹ «ቁምጥና ነው፣ ይጋባል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ከረድፉ አስወጥተዋቸዋል። የሳቸው ቦታ ለእኔ ደረሰኝ። በመስኮቱ በኩል፣ ደረቅ ቦታ ነበር።

እያወቅሁ ዝም አልኩ። አሥራ አንድ ቀን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሴት ልጃቸው ዳቦና ለቆዳቸው የሚቀቡት ቅቤ በቆርቆሮ አመጣችላቸው። ዘበኛው በሩ ላይ አስቀምጦት ሄደ። በእጁ የሚያቀብላቸው ሰው ጠፋ። አንዱ በመጥረጊያ እንጨት ገፋው፤ ቆርቆሮው ተገለበጠ። ሰውዬው ተንበርክከው ቅቤውን ከሲሚንቶው ላይ በጣታቸው እየጠረጉ ክንዳቸውን ይቀቡ ጀመር። የሚስቅም ነበር።

«አይጋባም!» አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ።

«አንተ በምን አወቅህ?» አለ ካቦው።

«የማስተምረው እሱን ነው። ቆዳ ከሥር ይወለድና ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ደርሶ ይሞታል፣ ይረግፋል። የሁላችንም ይረግፋል፣ ስለማይታይ ነው። ሕዋሶቹን እንደ ጭቃ የሚያያይዛቸው ቅባት አለ፤ ያንን ቅባት በጊዜው የሚለውጠው ደግሞ ኢንዛይም ነው። እሳቸው ያ ኢንዛይም ሲወለዱም አልነበራቸውም። ስለዚህ ሳይረግፍ ይደራረባል። ከእናት በዘር ይመጣል እንጂ በመነካካት አይመጣም።»

ሰውዬው ቀና አሉ። «የእናቴ ወንድምም እንዲሁ ነበሩ» አሉ። «እናቴን ተረግማለች እያለ መንደርተኛው ሲያማት ኖረ። የኔ ወንዶች ልጆች ግን ደህና ናቸው።»

«አዎ፣ ወንዶቹ ከእርስዎ አይወርሱም።»

«የሴቷ ልጆችስ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ወንድ ከወለደች ሊወጣበት ይችላል» አልኳቸው።

«ይህንን ከመጣህ ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ቦታ ጠቦህ ነው» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ካቦው ጉሮሮውን ጠረገ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉን። ወደ መስኮቱ ይምጡ።»

«እዚሁ እሆናለሁ» አሉት። ከዚያ እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ዳቦውን አነሱ። ቆርሰው መጀመሪያ ለካቦው ዘረጉለት። ክፍሉ በሙሉ እጃቸውን ያይ ነበር። ካቦው ተቀብሎ በላ። ቀጥሎ ቅቤውን በእንጨት ለገፋው ሰጡት። እኔን ከሁሉም በኋላ ነው ያቀመሱኝ፤ ትልቁን ቁራሽ።

ብርድ ልብሴን ይዤ አጠገባቸው ሄድኩ። ጠጋ አሉልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠርተው ወሰዷቸው። ይፈቱ፣ ይዛወሩ፣ አላወቅንም።

ትምህርቱን ዛሬም አስተምራለሁ። እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ አንዳንዴ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል፤ አንዷ እንዲያውም አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ እንዴት ደፈሩ?» ብላኛለች። ለእነሱ የምጀምረው ከአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።