ጫፉ አረንጓዴ የሆነው ኮፍያ

ጎረቤቴ እትዬ ኡሙሰልማ ከሶፋ ዳንቴል የተረፈ ክር አይጥሉም። በኪሮሽ የጨቅላ ኮፍያ ይሠሩበትና ጫፉን ሁልጊዜ በአረንጓዴ ክር ይጨርሱታል። በየዓመቱ እዚሁ አዳማ ላለ አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ሃያ ኮፍያ ይሰጣሉ፤ ለድሃ አራሶች እንዲታደል።

ዘንድሮ «ሲታደል ይዩ» ተብለው ተጠሩና አብሬያቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ምነው እግሬን በሰበረው! የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሽቶዋ ከበር የሚቀድማት ሴትዮ፣ አንድ ኮፍያ ለአንዱ ሕፃን አጠለቀች፣ ፎቶ ተነሣች፣ አወለቀች። ያንኑ ኮፍያ ለሚቀጥለው አጠለቀች። ከዚያም ለሦስተኛው። ያንዱን ላብና ትውከት ለሌላው!

እትዬ ኮፍያውን ከእጇ መንጭቀው አዩት። አረንጓዴው ጫፍ በእድፍ ጠቁሯል።

«ይሄ እኮ የኔ ሥራ ነው! ሌሎቹስ የት ሄዱ?»

«እናቴ፣ ለፕሮግራም አንዱ ይበቃል» አለች ሴትዮዋ፣ ለካሜራው እየሣቀች።

ከቆቃ የመጣች አንዲት አራስ ከአልጋዋ ላይ ሆና ልጇን ወደ ደረቷ ሸሸገች።

«ካቻምና ታላቁን ስወልድም ይቺኑ አጥልቀው አውልቀውበታል» አለች። «ያኔ ግን ንጹሕ ነበረች።»