ደርቆ የመጣ ልብስ

ሚስቴን የማዕድኑ ሰው ሁሉ «ጉምሩክ» ይላታል። ፊት ለፊት የሚላት ግን የለም። የምትሠራው በልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ከመሬት በታች ውለን ስንወጣ የሥራ ቱታችንን በመስኮቷ እናስረክባታለን፤ አጥባ ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ትሰቅለዋለች፤ በማግስቱ ጠዋት በዚያው መስኮት እንረከባለን። ታዲያ ሳትፈትሽ የምታሳልፈው ነገር የለም። ኪስ ትገለብጣለች፣ ኮሌታ ታሸታለች። ማን ጉንፋን እንደያዘው፣ ማን ከሚስቱ ተኳርፎ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ እንደተከለ ሳይነግሯት ታውቃለች።

ከመስኮቱ ጎን በር አለ። ከበሩ አልፎ ወለሉ ላይ በገዛ እጇ ቢጫ ቀለም የቀባችው መስመር አለ። ውሃ እያንጠባጠበ ያንን መስመር የሚያልፍ ሰው ወዮለት! አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ይዞ ሊያስጎበኝ ሲገባ ቦት ጫማውን አስወልቃ በካልሲ አስገብታዋለች። የግራው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ወደዚያ ሲወስድ አላየሁም።

እኔ ደግሞ «ካፊያ» ነኝ። ቅጽል ስሜ ከሥራዬ የመጣ ነው። የምንቆፍረው የድንጋይ ከሰል ነው። ዋሻውን የሚከፍተው ማሽን ፊቱ ላይ የሚሽከረከር ጭንቅላት አለው፣ ጭንቅላቱ ላይ ደግሞ የብረት ጥርሶች። ጥርሶቹ ከሰሉን ሲበሉት ምንም የለም። ጠንካራ ድንጋይ ሲያገኙ ግን ብልጭታ ይተፋሉ። ከሰሉ በበኩሉ ሲቆረጥ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ እሳት ያገኘ ዕለት ግን ማንነቱን ያሳያል። ስለዚህ ከያንዳንዱ ጥርስ ኋላ ካለ ቀጭን ቀዳዳ ውሃ ይረጫል። ጥርሱ ያጋለውን ድንጋይ እዚያው ያቀዘቅዘዋል፤ ብልጭታውም ከጋዙ ጋር ሳይተዋወቅ ይሞታል። ቀዳዳዎቹን የምጠርገው፣ ፓምፑንም የምጠብቀው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ሰው ሁሉ ይረግመኛል፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ይረጥባል።

ከሚስቴ ጋር የተዋወቅነውም በዚሁ ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን ቱታዬን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እውነት ሥራህ ማዕድን ነው ወይስ ዓሣ ታጠምዳለህ?» አለችኝ። ዓሣ ነው የማጠምደው አልኳት። ማን ማንን እንዳጠመደ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ማሽኑን የሚነዳው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። «ሙሽራው» እንለዋለን። እርግጥ ሊያገባ ነው፤ ስሙ ግን እጮኛ ሳይኖረውም ነበረው። እንደሱ የሚያጌጥ ወንድ አይቼ አላውቅም። እጮኛው ከማዕድኑ በር ፊት ለፊት ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ሲወጣ ፀጉሩ በጭቃ ተለውሶ እንድታየው አይፈልግም። ስለዚህ ፀጉሩን ተቀባብቶ፣ በላዩ ላይ ፌስታል አስሮ፣ በፌስታሉ ላይ ሄልሜት ያደርጋል። ከመሬት በታች ሲዞር ራሱ ውስጥ የሆነ ነገር ኮሽ ኮሽ ይላል።

አንድ ቀን ማታ እራት አቅርባ ሳትቀመጥ፣ ከሽርጧ ኪስ አንድ ጭብጥ ስቴኪኒ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«ወንድሜ ሥጋ የሚበላው የት ነው?» አለችኝ።

«ምኑን አውቄ?»

«ከቱታው ኪስ ያገኘሁት ነው። ሥጋ ሳይበላ ስቴኪኒ በጭብጥ የሚይዝ ሰው ምን ሊጎረጉርበት ነው?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ቱታው ደርቆ ነው የመጣው» አለች። «ሳራግፈው አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ። አብረውት የሚሠሩት የሁለቱም እንደዚያው። ያንተ ግን ሲጨመቅ ባልዲ ይሞላል። ውሃ ስለመኖሩማ አለ። እነሱን እየመረጠ የሚዘለው የምን ውሃ ነው?»

እጄ ላይ ያለው ጉርሻ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ያን ሰሞን የፓምፑ ግፊት አምሮልኝ ነበር። መርፌው ከወትሮው ከፍ ብሎ ሲቆም ከኔ ጥገና ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ጉራ ነዝቻለሁ። ለካ በነሱ በኩል ያሉትን ቀዳዳዎች በስቴኪኒ ሲደፍኗቸው፣ ውሃው መውጫ ጠብቦት ኖሯል የተንጠራራው! ማሽኑ ውሃ ከሌለ እንዳይነሳ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ግን በወዲያኛው በኩል እስከረጨ ድረስ ውሃ አለ ብሎ ይነሳል። ጠዋት ጠዋት እኔ ቀዳዳዎቹን አይቼ ወደ ፓምፔ ስመለስ ይደፍናሉ፣ ማታ ሳልመጣ ይነቅላሉ።

«እስካሁን ለስላሳ ከሰል ላይ ስለሆንን ነው» አልኳት። «ቀያሹ ከሰሞኑ ድንጋዩ ጋ ትደርሳላችሁ ብሎናል።»

«ስትደርሱስ?»

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። እሷም መልሱን አላጣችውም፤ የቀረበውን እራት እንዳለ አነሳችው።

በማግስቱ ለፈረቃ አለቃችን ነገርኩት። አብረን ወረድን። ዋሻው ቀጥ ያለ ነው፣ የራስ መብራታችን ደግሞ ከሩቅ ይታያል። እኛ ስንደርስ ማሽኑ እንደ ክረምት ሰማይ ሲያወርደው ነበር።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለህ?» አለኝ ሙሽራው፣ ውሃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ።

አለቃው በረጅሙ ተነፈሰ። «አንተ ካፊያ፣ ሰው ሥራ አታስፈታ» ብሎኝ ተመለሰ። እኔም ተከተልኩት፤ ምን ላድርግ? ከኋላችን ሦስቱ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

ማታ ይህንኑ ስነግራት ሚስቴ የታጠበ ድስት እያደረቀች ነበር። «እሺ፣ ለኔ ተወው» አለች። ይህን ቃል ስትናገር፣ ለሚመጣበት ሰው አዝናለሁ።

ጠዋት መስኮቷ ጋ ተሰለፍን። የኔ ቱታ እንደ ወትሮው ደርቆ፣ ታጥፎ ወጣ። ቀጥሎ የሙሽራው። ባንኮኒው ላይ ሲያርፍ ጧ አለ። ውሃው ባንኮኒውን ሞልቶ ወደ ጫማው ወረደ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው!»

«ጎሽ፣ ለየኸው። የረሳኸው መስሎኝ ነበር።»

«አልደረቀም እኮ!»

«ደርቆ የመጣ ረጥቦ ይወጣል፣ ረጥቦ የመጣ ደርቆ ይወጣል። የዚህ መስኮት ደንብ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ ጠዋት። ቀጣይ!»

የሁለቱ ጓደኞቹም እንደዚያው ወጣ። አንደኛው ለአለቃ እከሳለሁ ብሎ ሲያንጎራጉር፣ «ሂድ፣ ክሰስ» አለችው፤ «ለምን ደርቃችሁ እንደምትመጡ ሲጠይቅህ የምትለውን ግን መንገድ ላይ ተዘጋጅበት።» ሰውዬው ወደ አለቃው ቢሮ ሁለት ርምጃ ሄዶ፣ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ተመለሰ። ቱታቸውን እየተንዘፈዘፉ ለብሰው ወረዱ።

የገባቸው መስሎኝ ነበር፣ ግን ሰው እንዲህ በቀላሉ አይገባውም። ያን ዕለት ከሥራ ሲወጡ መጀመሪያ ወደ ሻወር ገብተው ቱታቸው ላይ ውሃ አርከፈከፉበት። ከዚያ ንጹሕ ፊት ይዘው ወደ መስኮቷ መጡ። ሚስቴ የወንድሟን ቱታ ተቀብላ ኮሌታውን ገለጠች፣ አሸተተች።

«ይሄ የሻወር ውሃ ነው።»

«ውሃ ውሃ ነው፣ እትዬ!»

«የከሰል ውሃ አቧራውን ይዞ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ነው የሚመጣው። ያንተ ከላይ ጠርቷል፣ ከሥር አቧራው እንደተኛ ነው። ደግሞ ሳሙናው ይሸታል፤ ለማሽኑ ሳሙና መስጠት የተጀመረው መቼ ነው?»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ፈነዳ። በማግስቱ ጠዋት ቱታው ከፊተኛው የባሰ ረጥቦ ወጣ፤ ኪሶቹ ሳይቀሩ ውሃ ቋጥረው ነበር።

ሙሽራው ግን የእህቱ ወንድም አይደል? እልኸኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀዳዳዎቹን እንደደፈነ ዋለ። ይህን ያወቅኩት ከፓምፔ ነው፤ መርፌው ሰማይ ሊነካ ምንም አልቀረው። ሄጄ ብጮህም ያው ከሩቅ ያዩኛል። ያን ቀን ጆሮዬን አቁሜ ዋልኩ፤ ማሽኑ ድምፁን በለወጠ ቁጥር ድንጋዩ ደረሰ እያልኩ።

ያ ቀን ደግሞ ሙሽራውና እጮኛው ለሠርጋቸው ፎቶ የሚነሱበት ነበር። ከሥራ ሲወጣ የሚለብሰውን ሱፍና ነጭ ሸሚዝ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰቅሎት ነበር የወረደው። የመቀየሪያ ክፍሉ ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው? ጉምሩክ ጋ።

ፎጣ አገልድሞ ከሻወር ሲወጣ ሱፉ በቦታው ተሰቅሏል፤ ከእጅጌዎቹ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የሚንጠባጠበውም በከንቱ እንዳይፈስ ከሥሩ ጫማው በሥርዓት ተደቅኗል። ካልሲው ሳይቀር ርሷል። እንደ ዕብድ ወደ መስኮቱ ሮጠ።

«እትዬ! ምን በድዬሽ ነው እንዲህ የምትጫወችብኝ? ልጅቷ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ እኮ ነው!»

ሰው ሁሉ ይስቃል። ሚስቴ ግን ያኔ ጨዋታዋን አቆመች። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ሳቁም ቀስ በቀስ ጠፋ።

«አንተ ጀርባዬ ላይ ነው ያደግከው። ስንት ሌሊት ሽንትህን ስትለቅብኝ፣ አንተን ደረቁ ላይ አዙሬ እኔ እርጥቡ ላይ ተኝቻለሁ። አንድም ቀን አላማረርኩም። አሁን ተራው ያንተ ነው። ለኔ ስትል እርጠብ። ረጥበህ ዕድሜ ልክህን ብታኮርፈኝ ይሻለኛል፣ ተቃጥለህ አመድህን ከሚያመጡልኝ።»

 ፎጣውን አጠበቀና ተመለሰ።

የኔን ልብስ አዋስኩት። እኔ አጭር ነኝ፣ እሱ ረዥም። የሠርጋቸው ፎቶ ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ፎቶ አንሺው ብልህ ሰው ስለነበር ከወገብ በታች አላነሳቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ቀዳዳዎቹን ስፈትሽ ሙሽራው አጠገቤ መጥቶ ተንበረከከ። «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ተሰብረው የቀሩ አሉ» አለኝ፣ ሳያየኝ። በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ አወጣናቸው። ውሃውን ስንለቀው ሁሉም ረጨ። ወደ ፓምፔ ተመልሼ መርፌውን አየሁት፤ ወደ ጥንት ቦታው ወርዷል። ነገር ወርዶ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ብዙም ሳንቆይ ድንጋዩ ጋ ደረስን። እኔ የውሃ ጎማ ልቀይር ማሽኑ ዘንድ ነበርኩ። ሲያጉረመርም የነበረው ማሽን ድንገት ጮኸ። ጥርሶቹ በሙሽራው በኩል ድንጋዩን ሲገምጡት ግድግዳው ላይ ቀይ መስመር ተሰመረ፤ ገና በደንብ ሳይታይ ውሃው አለበሰውና ጠፋ። ሌላ ቀይ መስመር፤ እሱም ጠፋ። እንደገና። ወዲያው ማሽኑ ላይ ያለው የጋዝ መለኪያ ቀዩን መብራት አብርቶ ኃይሉን ቆረጠ።

ጸጥ አለ። ጋዙ እዚያው፣ ከፊታችን ነበር።  የሚሰማው ውሃው ፍሽ ሲል ብቻ ነበር፣ በሙሽራው በኩል ካሉት ከነዚያ ቀዳዳዎች። እሱ እነሱን ያያል፣ ውሃው ፊቱን ይመታዋል፣ አይጠርገውም። ቀስ ብሎ ከሄልሜቱ ሥር ፌስታሉን መዝዞ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደ ንጹሕ አየር አፈግፍገን፣ ጋዙ እስኪጠራ ጠበቅን።

ስንወጣ ሻወር አልገባም። መስኮቱ ጋም አልተሰለፈም። ከነቱታው፣ ከነቦቱ፣ ጥቁር ውሃ እያንጠባጠበ በሩን ከፍቶ ገባና ቢጫው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ሚስቴ ከማጠቢያው ዞር ስትል አየችው። እግሩ ሥር ኩሬ ተሠርቷል። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል።

«እትዬ» አላት፣ «ድንጋዩ ጋ ደረስን።»

መጥታ ኮሌታውን በጣቶቿ ጨመቀችው። ጥቁር ውሃ ክንዷ ላይ ወረደ። ከዚያ በኮሌታው ይዛ መስመሩን አሳልፋ ጎተተችውና አቀፈችው፤ ነጩ ሽርጧ ወዲያው ጠቆረ። እሱ እንደ ሕፃን ትከሻዋ ላይ ተደፋ። እሷ ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች፣ ልክ ለሚያለቅስ ልጅ እንደሚደረገው።

እኔም ሆዴ ባባ። ላቅፋቸው አንድ እግሬን ከመስመሩ ባሳልፍ፣ ከወንድሟ ትከሻ በላይ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«አንተ ደግሞ እያንጠባጠብክ ወዴት ነው?»

እግሬን መለስኩ። እሱ ወለሉ ላይ ያፈሰሰውን ግን እስከ ማግስቱ አልወለወለችውም።