የእማዬን ካርድ የሚበላው ቪዲዮ

ትናንት ከሰዓት ከአዳማ ሚኒባስ ይዤ ወለንጪቲ ሄድኩ... እማዬ መደወል አቁማብኝ።

እማዬ ጠዋት ጠዋት ደውላ «ቁርስ በላህ?» ካላለች ቀኑ የማይጀምርላት ሴት ናት። ሰሞኑን ግን ጠፋች። እኔ ስደውል ታነሳለች፣ ደህና ነኝ ትላለች... እሷ ግን አትደውልም። ተቀይማኛለች ብዬ ሰጋሁ።

ገና ሳልቀመጥ «ምን አድርጌሽ ነው እማ?» አልኳት።

«አንተ ምን ታደርገኛለህ! ይሄ ስልክ እንጂ። ካርድ በሞላሁ ቁጥር ሙልጭ አድርጎ ይበላብኛል። በምን ልደውል?»

ስልኩን የገዛችላት እህቴ ናት። ተቀብዬ አየሁት። ዳታው ቀን ከሌት ክፍት ነው። የኢንተርኔት ጥቅሉ ካለቀ ቆይቷል፤ እሱ ሲያልቅ ደግሞ ለመደወያ ከሞላችው ካርድ ላይ ዝም ብሎ ይቆርጣል። ይሄን የነገራት የለም።

«ምን እያየሽ ነው ግን እንዲህ የሚጨርሰው?»

ነጠላዋን አስተካከለች... ከዚያ ራሷ ከፈተችው።

የእህቴ ሰርግ ነው። የአጎቴ ልጅ ኢንተርኔት ላይ የለቀቀው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መሃል ገብቶ ይጨፍራል። ድንገት እማዬ ወደተቀመጠችበት ዞሮ እጁን ዘረጋ።

«ኮቱ!» አላት በኦሮምኛ፣ «ነይ እንጂ አንቺ ሴትዮ!»... እየሳቀ።

ያን ቀን እማዬ አፍራ አልተነሳችም ነበር።

«ሁልጊዜ ታይዋለሽ?»

«ቤቱ ጭር ሲልብኝ...» አለች፣ ስልኩን እያየች።

በእኔ ዳታ ቪዲዮውን ስልኳ ላይ አወረድኩላት። ዳታ እንዴት እንደሚጠፋም አሳየኋት።

«አሁን እንደፈለግሽ እዪው። ሳንቲም አይቆርጥብሽም።»

አላመነችኝም። ዳታውን በጣቷ አጥፍታ ቪዲዮውን ነካችው... አባዬ መጣ። ሳቁ ቤቱን ሞላው።

ትንሽ አሰበችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሁለት ሰው ሲያየውስ... እጥፍ ይቆጥራል?»

«አይቆጥርም እማ።»

«እንግዲያው ጠጋ በላ።»

ጠጋ አልኩ... ለካ የአባዬን ሳቅ እኔ ረስቼው ኖሯል።