ባዶ ትከሻ

ማስተዋል ምንዋጋው በዋግ ኽምራ፣ የፃግብጂ ገበሬ ልጅ ናት። ጠቅላላ ሐኪም ሆና ካገለገለች በኋላ፣ የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት ልሁን ብላ ሩቅ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ሬዚደንት ይሏቸዋል እነዚህን፤ ተማሪም ናቸው፣ ሠራተኛም ናቸው። ደከመኝ ሲሉ ሠራተኛ ናችሁ፣ መብት ሲጠይቁ ተማሪ ናችሁ ይባላሉ። ለልምምድ ወደ ሰቆጣ ሲልኳት ከግቢዬ አንዲት ክፍል ተከራየች።

አንድ እሑድ በሬ ላይ ቆማ፣ "ጋሼ፣ ከዚህ ወር በኋላ ቤቱን ለሌላ ሰው ይስጡት" አለችኝ።

"ምነው፣ ጣራው አፈሰሰ?"

"እኔ ነኝ ያፈሰስሁ።" ሳቅ አለች። "ትምህርቱን ልተወው ነው።"

"ሥራውን ጠላሽው?"

"ሥራውን እወደዋለሁ። ግን አዳር ሠርቼ፣ ጠዋት የሕሙማን ጉብኝት፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ደግሞ አዳር። ያዋለድኋት እናት መንገድ ላይ ስታመሰግነኝ ማን እንደሆነች ጠፋኝ። እንዲህ ያለ እውቀት ምን ያደርግልኛል ጋሼ?"

በወጣትነቴ እርካታና ጥጋብ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ዛሬ ግን ሰው የሚረካው፣ የሠራውን የሚያይበት ዓይን ሲተርፈው ይመስለኛል።

አለቃዋ፣ የሆስፒታሉ ብቸኛ የማህፀን ስፔሻሊስት ዶክተር ዘበነ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ድካሟን በነገረቻቸው ቁጥር "እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው" ይሏታል።

በሳምንቱ ጠዋት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ሆስፒታል ሄጄ ሳለሁ፣ ላብ ያጠመቃቸው ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። ቃሬዛው ላይ ምጥ የጠናባት እየሩስ የምትባል ሴት ነበረች። ከጎን የሚሄዱት የማስተዋል አባት፣ አያ ምንዋጋው ናቸው፤ በአገራቸው የቃሬዛ አለቃ ይባላሉ። አለቃ አይሸከምም፤ የተሸካሚዎቹን ጉልበት ያያል። ፊት ይዋሻል፣ ጉልበት አይዋሽም። ጉልበቱ የተብረከረከ "በርትቻለሁ" ቢልም አይሰማም፤ ባዶ ትከሻውን ይዞ አጠገቡ የሚሄደው ይተካዋል። ተተኪው "ተቀበልሁ" ሳይልም ማንም እጁን አይለቅም።

ማስተዋል ከአዳር ሳትወጣ ሮጣ መጣች። ሴትዮዋን መርምራ፣ "ቶሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል!" አለች።

አባቷ ጉልበቷን አዩ። በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ አንድ ነገር ብለው ተሸካሚዎቹን አቆሙና፣ ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ፣ "ባዶ ትከሻ የታለ?" አሉ።

"አባየ፣ ጊዜ የለንም።"

"ከኋላሽ ማን አለ ነው የምልሽ?"

"እኔ አለሁ! አያምኑኝም እንዴ?" ድምጿ ተሰበረ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ አንዷለም፣ "አያ ምንዋጋው፣ በዓል በመጣ ቁጥር 'ዶክተሯ ልጄ' እያሉ ያደነቆሩን ለዚህ ነው?" አለ።

"ዝም በል አንተ! ዳገቱ ላይ ጉልበትህ ሲብረከረክ አሳርፌህ የለም? ልጄ ካንተ ታንሳለች?"

ሌሊቱን ቤታቸው ያደሩት ዶክተር ዘበነ ገና መግባታቸው ነበር። "አባቴ፣ የሥልጠናው ደንብ ነው። እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው" አሉ።

"ታዲያ እርስዎንም በድለውዎታል" አሉ አያ ምንዋጋው። አላፌዙም፤ አዘኑላቸው እንጂ።

ዶክተሩ ሊስቁ ቃጣቸው፤ አልሳቁም። ማስተዋልን አዩ። ግድግዳውን ተደግፋለች፤ መደገፏን ግን ያወቀች አትመስልም። ወዲያው የቃሬዛውን ጫፍ ያዙ። ማንም አልለቀቀላቸውም።

"ተቀበልሁ ይበሉ" አለች ማስተዋል በቀስታ።

"ተቀበልሁ።"

እየሩስ በዶክተር ዘበነ እጅ በሰላም ተገላገለች። ማስተዋል በተረኞች ክፍል እንቅልፍ ወሰዳት። አባቷ ጋቢያቸውን አልብሰዋት በሩ ላይ ተቀመጡ። ነርሷ "ዶክተር!" ብላ ስትመጣ፣ "ሸክሟን አውርዳለች፤ ሌላ ትከሻ ፈልጊ" ብለው መለሷት።

ከዚያ ወዲህ ዶክተር ዘበነ አዳር ካደረው ሬዚደንት ሥራውን ጠዋት ራሳቸው ይረከባሉ፤ እሱም ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልም። ለእሳቸው ለራሳቸው ባዶ ትከሻ ገና አልመጣላቸውም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ማስተዋል እንደገና በሬ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ እየሩስን ገበያ አገኘኋት። እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ በስሟ ጠራኋት።" ወደ ክፍሏ በር ዞር ብላ አየች። "ቤቱን ለሰው ሰጡት እንዴ?"

"ለማንም አልነገርሁም" አልኋት።