እሁድ ያየሁት ወንዝ

የምደንሰውን ዳንስ ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያደክመኛል። እኛ በአጭሩ ኮንታክት እንለዋለን። ሁለት ሰዎች ሰውነታቸውን ያነካካሉ፤ ትከሻ ከትከሻ፣ ጀርባ ከጀርባ። ከዚያ አንዱ ክብደቱን ሌላው ላይ ይጥላል፣ ያኛውም ይሸከመዋል፣ ካልሆነም አብረው ይወድቃሉ። ሙዚቃ የለውም፣ አስቀድሞ የሚጠና እርምጃም የለውም። እናቴ አንድ ቀን ልምምዳችን ላይ መጥታ ካየችን በኋላ፣ ስንወጣ ቀስ ብላ፣ "ምነው አንቺ ልጅ፣ ተጣልታችሁ ነው?" ብላኛለች።

አራት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በጠባብ አዳራሽ ከደነስን በኋላ፣ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን ሦስት ቀን ሣር ላይ እንደንስ የሚል ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐሳቡን ያመጣ ቦታውን ይፈልግ ተባለና ፍለጋውም እኔው ላይ ወደቀ። ሱሉልታ ሄጄ ብርዱ አባረረኝ። ቡራዩ ወደ ወንዙ የሚያወርድ መንገድ ብፈልግ ብፈልግ ሁሉም ታጥሮ አገኘሁት። በመጨረሻ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ እኔው ከምኖርበት ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚኒባስ መስኮት አንድ መስክ አየሁና ወራጅ አልኩ። መሬቱ ለጥ ያለ፣ ሣሩ ከብት የጋጠው አጭር ሣር ነው። ወንዙ ሥሩ ያለውን ጠጠር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩና እዚያው ወሰንኩ።

የመሬቱ ባለቤት ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። የአካባቢው ሰው፣ አቶ እንደማለት፣ ኦቦ ይላቸዋል፤ እኔም ኦቦ አልኳቸው። ሦስት ቀን እንድንሰፍርና እንድንደንስ እንዲፈቅዱልን ስጠይቃቸው በዱላቸው ተደግፈው ትንሽ አሰቡ።

"የምን በዓል ነው?"

"በዓል አይደለም።"

"ሠርግ ነው?"

"አይደለም፣ ኦቦ።"

"ታዲያ ምን ተገኝቶ ነው የምትጨፍሩት?"

"እንዲሁ ነው" አልኳቸው።

ሳቁ። "መቼ ነው?"

"ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ።"

"ሐሙስ?" አሉና ወደ ወንዙ ዞር ብለው አዩ። "እሁድ አይሻላችሁም?"

እሁድ ግማሾቻችን ቤተ ክርስቲያን እንደምንሄድ ነገርኳቸው። "እንግዲህ እናንተ ካላችሁ" አሉ። ለምን እሁድ እንዳሉ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። አሁንም ሳስበው ራሴ ላይ እናደዳለሁ።

ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ እኩለ ቀን፣ አሥራ ሁለት ሆነን ደረስን። ድንኳን ተከልን፣ መኮሮኒ ቀቀልን፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሣሩ ላይ ወጣን። ውሃው ትንሽ ደፍርሷል፤ ላይኛው አገር ዘንቦ ይሆናል ተባብለን አለፍነው። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነገር ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ከጀመርንበት ቀን ጀምሮ አብሮኝ የሚደንስ አንድ ሰው አለ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ረጅም ነው፣ ወሬ አያበዛም። ሌሎች ሲደገፉብህ ግማሹን ለራሳቸው ያስቀራሉ፤ እንዳይከብዱህ ይሁን እንዳትጥላቸው ፈርተው አይታወቅም። እሱ ግን ምንም አያስቀርም ነበር። ጀርባዬ ላይ ሲጋደም ሰውነቱ ሙሉ በሙሉ ይለቃል፤ እኔም እሱ ላይ እንደዚያው ነኝ። ከወንድሜ ጋር እንኳ ይህን ያህል ተማምኜ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን እጁ ትከሻዬ ላይ አለ፣ እሱ ራሱ የለም። ወደ እሱ ስጠጋ በስሱ ያልፈኛል፤ ጀርባዬን ሳመቻችለት ጣቱን ብቻ ጣል አድርጎ ይነሳል።

"ወገብህን አሞሃል እንዴ?" አልኩት።

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት፣ ሦስቴም ምንም አለኝ። ከዚያ ከሌላ ልጅ ጋር መደነስ ጀመረ፤ ለእሷ ክብደቱን ሲሰጣት ከዳር ሆኜ አየሁት።

ዓርብ ጠዋት ከእንቅልፌ ያነቃኝ ሽታ ነው። ከድንኳን ስወጣ ከመካከላችን አንዷ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ወንዙ ዳር ቆማለች፤ አፏን ግን በእጇ ሸፍናለች። ወንዙ ወይን ጠጅ ሆኗል። ዳር ዳሩን ቢጫ አረፋ ይዞ ይወርዳል፤ አረፋው ድንጋይ ሲያገኝ ይቆለላል። የማታውን ድስት ያጠብነው በዚህ ውሃ ነው።

ኦቦ ትንሽ ቆይተው መጡ። "አካም ቡልታኒ?" ብለው እንዴት እንዳደርን ጠየቁን። በጣቴ ወደ ወንዙ አመለከትኩ።

"ኦቦ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ከላይ ፋብሪካ አለ። እሁድ ያርፋል፣ ውሃውም አብሮ ያርፋል። ከሰኞ ጀምሮ ግን ማታ ማታ ይለቁታል፤ ሲነጋ እንዲህ ነው።"

"ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?"

"እሁድ አይሻላችሁም ወይ አልኩሽ። ሐሙስ አልሽ።" ተቆጥተው አልነበረም የመለሱልኝ። "የከተማ ሰዎች ናችሁ፣ ውሃ ገዝታችሁ ትጠጣላችሁ ብዬ ነው እንጂ። እኔ ከብቶቼን ከዚህ ማጠጣት ካቆምኩ ቆየሁ። ሁለት ላሞች ከጨነገፉብኝ ወዲህ ኩሬ ድረስ ነው የምነዳቸው።"

አፈርኩ፤ ሐፍረቴ ደግሞ ወዲያው ንዴት ሆነ። በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። ከኋላዬ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይናገራል። አንዱ ራሱን አዞረው፤ ሌላው፣ "ቦታውን በደንብ አይተሽው ነበር?" ይለኛል። ከረፋዱ በፊት ስድስቱ ድንኳናቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ። አብሮኝ የሚደንሰውም ከእነሱ አንዱ ነበር።

ድንኳኑ ጋ ሄጄ ቆምኩ። "አንተም ሽታውን ሸሽተህ ነው የምትሄደው?"

የድንኳኑን ገመድ መጠቅለሉን አላቋረጠም። "ሽማግሌ ልኬ ነበር" አለ። "የልጅቷ ቤተሰቦች ቪዲዮአችንን አይተውታል፤ ያንን ባለፈው ኢንተርኔት ላይ የለቀቅነውን። እሷ ምንም አላለችም። አባቷ ግን ሴት በጀርባው ተሸክሞ መሬት ለመሬት ለሚንከባለል ሰው ልጄን አልሰጥም አሉ። እተወዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።"

"መቼ?"

"ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"ልሰናበትሽ።"

"ሳትነግረኝ ነው የምትሰናበተኝ? ትናንት ከእኔ ስትሸሽ የዋልከው እኮ ስንብት መሆኑ ነው!"

ገመዱን አስቀመጠው። "ሙሉ በሙሉ ብደገፍብሽ ኖሮ መተው ያቅተኝና ቃሌን አፈርስ ነበር" አለ።

ከሌላ ሰው ብሰማው ደስ የሚል ንግግር ነበር። እኔን ግን አንገበገበኝ። አራት ዓመት በጀርባዬ ያመንኩት ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር አምኖ አልነገረኝም። "ፈሪ ነህ" አልኩት፤ ሌላም ያልኩት አለ፣ እሱን አልጽፈውም። ሻንጣውን አንስቶ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ሚኒባሱ ሲቆምና ሲሄድ ሰማሁ፤ ዞሬ አላየሁም። በኋላ ለሠርጉ ጠርቶኝ ነበር፤ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ሥራ አልነበረብኝም።

የቀረነውን ስድስታችንን ኦቦ ከቤታቸው አጠገብ ወዳለው ከፍ ያለ መስክ ወሰዱን። እዚያ ሽታው ይቀንሳል፤ መሬቱ ግን ኮረኮንች ነው፣ እሾህም አለው። ግትር ስለሆንኩ እንደንስ አልኩ። ክፉኛ ደነስን። ሰው ሁሉ ድንጋይ እየፈራ ይወድቃል፣ እኔ ደግሞ የሚደገፈኝን ሁሉ ሳላውቀው እገፋለሁ። የኦቦ ባለቤት ከደጃቸው ሆነው ሲያዩን ቆዩና ደንግጠው፣ "ማል ታኤ?" ብለው ጠየቁ፤ ምን ሆነው ነው ማለታቸው ነው። "ሆማ!" አሉ ኦቦ፣ ምንም አልሆኑም። "እንዲሁ ነው!" በሁለቱ ቀን ውስጥ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ልንሄድ ስንል ኦቦ አንድ ፌስታል አወጡ። ውስጡ ስለ ወንዙ የጻፏቸው ማመልከቻዎች ናቸው፤ ገሚሱ በኦሮምኛ፣ ገሚሱ በአማርኛ፤ ጠርዛቸው ተበልቷል። ማኅተም ያረፈበት አለ፣ መልስ ያለበት ግን የለም። "ወረዳው ቢሮ ስሄድ ይህ ሽማግሌ ደግሞ መጣ ይሉኛል" አሉ። "አንቺ የተማርሽ ነሽ። አብረሽኝ ብትቆሚ?"

እሺ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የሆነ ሰው ላይ መጮህ ፈልጌ ነው እሺ ያልኩት።

ሁለት ጊዜ ሄደን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። በሦስተኛው አገኘናቸው። ያነሳሁትን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው፤ የብርሃን ነገር ሊሆን ይችላል አሉኝ። ድምፄ እየጨመረ ሲሄድ ኦቦ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና ከጋቢያቸው ሥር የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። ውሃውን በዚያው ጠዋት ነው የቀዱት። ክዳኑን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ኃላፊው አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ። "አባቴ፣ ይዝጉት እንጂ! ቢሮው በሙሉ ሸተተ እኮ!"

"እኛ ጋ ወንዙ ክዳን የለውም" አሉ ኦቦ፣ "በየት በኩል እንዝጋው?"

ኃላፊው ተነስተው መስኮቱን ከፈቱ። ከዚያ እዚያው እንደቆሙ ለሌላ ቢሮ የሚሆን ደብዳቤ ጻፉልንና ማኅተም አደረጉበት። የሚጠቅም ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ወንዙ እስካሁን ያው ነው። ደብዳቤውን ተቀብለን ስንወጣ ጸሐፊዋ ከኋላችን፣ "አባባ፣ ጠርሙስዎን ረሱ" አለች።

"አልረሳሁትም" አሉና ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።