መቀሱ ቀጭ ሲል የሚለቁ ጣቶች

ሰፈሩ «ግራኙ» ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ መቀሱን በግራ እጁ ይዞ ፀጉሩን በቀኝ እጁ ነው የሚይዘው። አያያዙም የራሱ ነው። ሌላው አስተካካይ ፀጉሩን በሌባ ጣቱና በመሀል ጣቱ መሀል ያስገባል፤ እሱ ግን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጠጥ ያደርገዋል። አባቱ እንዲህ ነው ያስለመዱት።

ከሱቁ በላይ ጡረታ የወጡ የፒያኖ መምህር ይኖራሉ። ጠዋት ጠዋት የማይለቋት አንዲት የሙዚቃ ቁራጭ ነበረቻቸው። ድሮ አንድ ሰው ለጣት ማፍታቻ ብሎ የጻፋት ልምምድ ናት፤ ሲሰሟት ግን ቆርቆሮ ላይ የሚሮጥ ካፊያ ነው የምትመስለው። ግራኙ እሷን እየሰማ ጺም ሲላጭ ደንበኞቹ «ካፊያው ጀመረ» ይሉ ነበር።

አንድ ሰሞን ካፊያው ቀረ። መምህሩ ፀጉር ሊቆረጡ ሲወርዱ ግራኙ ጠየቃቸው።

«ምነው መምህር፣ ላይ ቤት ጸጥ አለ?»

«ጣቴ አረጀ። ያቺ ቁራጭ ሽማግሌ አትወድም።»

«እንግዲያው እኔን ያስተምሩኛ።»

ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። መምህሩ ግን አልሳቁም።

እንዲህ ተጀመረ። ከተዘጋ ሆቴል የወጣ አሮጌ ፒያኖ የግራኙ ሳሎን ገባ፤ ቦታ ስለጠበበ ሶፋው ወጥቶ የሚስቱ እህት ቤት ሄደ። ሚስቱ ለሶፋው እስከ ዛሬ ታዝናለች። እሱ ከሀ ሁ ጀምሮ፣ እየተሰደበም እየተመሰገነም፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ እዚያች ቁራጭ ላይ ደረሰ።

የቁራጯ ጭካኔ እዚህ ላይ ነው። የቀኝ እጅ ሦስት ደካማ ጣቶች፣ መሀለኛው፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተሻገሩ፣ ነጩንም ጥቁሩንም ቁልፍ ሳይዘሉ ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣሉ። ጠንካሮቹ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ደግሞ ከስር ኮርዷን፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን፣ ነካ አድርገው መልቀቅ ብቻ ነው ሥራቸው። ሁለት ጎረምሳ ቁጭ ብሎ ሦስት ሕፃን ውሃ ሲያመላልስ ማለት ነው።

መምህሩ በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን በትምህርት ቤት አዳራሽ ያጫውታሉ። «ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው» አሉት። «ያቺን ቁራጭ አንተ ተጫወትልኝ። ሳልሰማት መጨረስ አልፈልግም።» እሺ አለ።

እሺ ባለ በጥቂት ቀን ክንዱ ያመው ጀመር። ፒያኖው ላይ ትንሽ እንደቆየ ከክርኑ በታች እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ጠዋት ሱቅ ሲገባም ማበጠሪያው ከእጁ ይወድቃል። ሚስቱ ይህን አይታ ዝም አላለችም።

«ስማ፣ የሚያበላን ይሄ እጅ ነው። ፒያኖው አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ጥሩ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተሻለህ ለመምህር እኔው እነግራቸዋለሁ። ሶፋዬም ይመለሳል።»

በማግስቱ መምህሩ ለአዳራሹ ቀን ፀጉራቸውን ሊያሳምሩ ወረዱ። ገና ከመጀመሩ ማበጠሪያው ወደቀ። መምህሩ ወለሉን አዩ፣ ከዚያ መስታወቱ ውስጥ እሱን አዩት።

«ምን ሆነሃል?»

የሚደብቀው ነገር አልነበረም፤ ነገራቸው።

«ፀጉር ስትይዝም ያምሃል?»

«ኧረ እሱስ አያመኝም። ቆንጠጥ አድርጌ እለቃለሁ።»

«መቼ ነው የምትለቀው?»

«መቀሱ ቀጭ ሲል ነዋ። ሳልቆርጥ ብለቀውማ መስመሩ ይጠፋል።»

መምህሩ ከመስታወቱ ዞረው ቀኝ እጁን አዩ። ከዚያ «ፒያኖው ላይስ ማን ቀጭ ይልልሃል?» አሉት።

ግራኙ እጁን አንስቶ ጣቶቹን አያቸው። እውነትም እነዚያ ሁለቱ ጎረምሶች ኮርዷን ቆንጥጠው መቀስ ሲጠብቁ ነው የከረሙት። እነሱ ሲጨብጡ ሦስቱ ደካሞች ፍሬን የተያዘ ጋሪ ሲጎትቱ ኖረዋል። እንዴት አይመመው?

ማታ ለሚስቱ ነገራት። ሄዳ የልብስ መቀሷን አምጥታ ከፒያኖው አጠገብ ቆመች።

«በል ጀምር። ቀጭ ስል ልቀቅ።»

በቀስታ ጀመረ። በየኮርዱ ባዶ አየር ቀጭ አደረገችለት። ልጃቸው ከክፍሏ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ፒያኖውን ልትቆርጪው ነው ወይስ አባዬን?» አለች።

«እንደ ሁኔታው ነው» አለች እናት፣ መቀሷን ሳታቆም።

ሳምንቱ ሲያልቅ ክንዱ ላላ። ስለ ሶፋው ማንም አላነሳም።

አዳራሹ ውስጥ ከእሱ በፊት የተጫወቱት እግራቸው መሬት የማይደርስ ልጆች ነበሩ። እሱ ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸና ልጆቹ ተንሾካሾኩ። ጀመረ። ፍጥነቱ የተጻፈው ፍጥነት አልነበረም፤ መሀል ላይም ትንሿ ጣቱ ሳተችና ለአፍታ መንገዱ ጠፋበት። ግን ሁለቱ ጣቶች ነካ አድርገው ለቀቁ፣ ነካ አድርገው ለቀቁ፣ ሦስቱም ሮጡ። ሚስቱ ፊት ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር፤ እጇ ቦርሳው ውስጥ በየኮርዱ ይከፈታል ይዘጋል። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሲጨርስ የክንዱን ሕመም ፈለገው፣ አጣው።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መምህሩ ደረጃውን ወረዱ።

«ሰሞኑን ተቆርጠው ምነው መምህር?»

«ለፀጉር አልመጣሁም። ያቺ ትንሿ ጣትህ ሰንፋለች። ማታ ና።»

«ጨርሻለሁ ብለው አልነበር?»

«የጨረስኩት አዳራሹን ነው» አሉና ወደ ላይ ተመለሱ።