ኔትወርክ ሊለኩ የወጡት ሁለት ሰዎች

ሆሴዕ የከምባታው አንጋጫ ልጅ ነው። ሆሳዕና ከተማ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። ታላቅ እህቱ በወሊድ ጊዜ ደም ፈሷት ሞታለች። ጤና ኬላው ወደ ሆስፒታል ልኳት ነበር፤ በሆስፒታሉ ግን መምጣቷን የሰማ ሰው አልነበረም፤ ስትደርስ ሐኪሙም ደሙም አልተዘጋጀም። የዶክትሬት ጥናቱን ርዕስ ሲያቀርብ አማካሪው ለምን ይህን እንደመረጠ ጠይቀውት ነበር። ስለ እህቱ አላነሳም። "ችግሩ በሒሳብ የሚፈታ ይመስለኛል" ብቻ አላቸው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ "እናት እየመጣች ነው" የሚል መልእክት በስልኳ ትልካለች። መልእክቱን ተቀብሎ ለሆስፒታሉና ለአምቡላንሱ የሚያደርሰው ሆሴዕ የሠራው ዌብ ሰርቪስ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግን መልእክቱ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ደጋግሞ ይገባና ለአንዲት ወላድ ሁለት አምቡላንስ ይወጣል። ስልኩ ምን ያህል ጠብቆ መልሶ ይላክ? ቢቸኩል መስመሩን ያጨናንቃል፤ ቢዘገይ ሰው ይሞታል። ሆሴዕ ለዚህ ቀመር አወጣ። ቀመሩ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ግን የየቦታው ኔትወርክ መቼና እንዴት እንደሚቋረጥ መለካት ነበረበት። ስለዚህ ትንንሽ መለኪያ ሳጥኖች ሠርቶ በዱራሜና በአዲሎ ዙሪያ ባሉ ጤና ኬላዎች ይሰቅል ጀመር።

አብሮት የሚዞረው ብዙነህ የሚባል የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበር። ብዙነህ ሀዲያ ነው፤ ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ፣ መሰላል ላይ ሆኖ መዝሙር የሚያንጎራጉር፣ ሚስቱን ሊዲያን በየመንገዱ እየደወለ የሚያስቅ ሰው። ከምባትኛ ስለማይችል ከሆሴዕ ጋር የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው።

ከአዲሎ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ወዳለች አንዲት መንደር የሄዱት በገበያ ቀን ነበር። ጤና ኬላው ከገበያው ጋር ተጎራብቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ከመንደሩ አንድ ልጅ ጠፍቷል። በየሰው ስልክ ላይ ደግሞ ልጆች እየሰረቁ ኩላሊት የሚያወጡ ሰዎች በመኪና ይዞራሉ የሚል ወሬ ከፎቶ ጋር ሲዘዋወር ሰንብቷል። ሁለቱ ይህን አልሰሙም።

ብዙነህ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። ሳጥኑን ሲያበራው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ገበያተኛው ቆሞ ያይ ነበር። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ቀረጻቸው፤ ሌላው ወደ ገበያው ሮጠ። ወዲያው የጠፋው ልጅ አባት ቲቶ ረጅም ዱላ ይዞ መጣ። ከኋላው ብዙ ሰው ነበር።

"ልጄን የት አደረሳችሁት?" አለ ቲቶ።

"ወንድሜ፣ እኛ ከዩኒቨርሲቲ ነን። የኔትወርክ ጥናት ነው" አለ ሆሴዕ በአማርኛ። ከወረዳው የተጻፈውን የድጋፍ ደብዳቤ ዘረጋ። አንዱ ነጥቆ ቀደደው።

ያን ጊዜ ሆሴዕ በከምባትኛ የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌ ነገራቸው። ይህ ያድነኛል ብሎ ነበር። ከመሀል አንድ ድምፅ "የራሳችን ሰው ነው የሚሸጠን!" አለ። ሕዝቡ ይብሱን ጋለ።

የመጀመሪያውን ዱላ የሰነዘረው ቲቶ ነው። የሆሴዕን ጆሮ ግንድ መታው። ሲወድቅ መሰላሉ ሲጎተት፣ ብዙነህም "ኧረ በጌታ" ሲል ሰማ። ብዙነህ በጀርባው መሬት ላይ ተዘረረ። ተነሥቶ ወደ መኪናው ሊሮጥ ሲል በድንጋይ ወገቡን መቱት፤ ተንበረከከ። ከዚያ በኋላ ሆሴዕ የሚያየው እግር ብቻ ሆነ። ፊቱን ረገጡት። የአንዱ ጫማ ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። አፉ በደምና በአፈር ሞላ፤ ጥርሱን ከነደሙ ተፋው። እዚያው አጠገቡ ድንጋይ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ይሰማዋል፤ ብዙነህ መጀመሪያ ይጮህ ነበር፣ ቀጥሎ አቃሰተ፣ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ድንጋዩ ግን አላቆመም።

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ማራኪ ክትባት ላይ ነበረች። እየተጋፋች ገብታ ሆሴዕ ላይ ተደፋች። ለጭንቅላቱ የተሰነዘረው ዱላ ክንዷን ሰበረው።

"ልጆቻችሁን የከተብኩት እኔ ነኝ" ብላ ጮኸች። "ሳጥኑን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ከገደላችሁ እኔን ግደሉ።"

የቅርቦቹ ዱላቸውን እንዳነሡ ቆሙ። የሩቆቹ መኪናውን እያቃጠሉ ነበር። ፖሊስ ወደ ሰማይ እየተኮሰ ሲደርስ ሰዉ ተበተነ። ብዙነህ ሞቶ ነበር። ፊቱ አይለይም፤ ሊዲያ በኋላ ያወቀችው በጣቱ ቀለበት ነው።

ሆሴዕ ግራ ዓይኑን አጣ። ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የጠፋው ልጅ ተገኘ። አባቱ መትቶት ኮብልሎ ሻሸመኔ አንድ ምግብ ቤት ሰሃን ያጥብ ነበር።

ወሬውን የነገረችው ክንዷን በጄሶ ያሰረችው ማራኪ ናት። ሆሴዕ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ልጁ ሞቶ ቢሆን ይሻል ነበር" አለ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች።

ፍርድ ቤት ቲቶ ተነሥቶ "ልጄን የበሉብኝ መስሎኝ ነው" ብሎ አለቀሰ። ሆሴዕ ከምስክሮች መቀመጫ ዘሎ አንገቱን አነቀው። አውራ ጣቶቹን ጉሮሮው ላይ ተክሎ ሲጫነው የቲቶ ዓይን ተገለበጠ፤ ሦስት ፖሊሶች ታግለው ነው ያላቀቁት። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ቤቱ በመጡ ጊዜ ሆሴዕ ምንም አልሸሸጋቸውም።

"አባቶቼ፣ እጄ አንገቱ ላይ ሳለ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ሆኜ ምን ዕርቅ እላለሁ?" አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ጸልየው ሄዱ። ቲቶና ሌሎችም ተፈርዶባቸው ወህኒ ወረዱ።

ሊዲያን ሊያጽናና ሲሄድ በሩ ላይ አቆመችው። "ያንተ ሥራ ነበር፤ የሱ አልነበረም" አለችው። ዛሬም መንገድ ላይ ሲገናኙ አንገቱን ይደፋል፤ እሷም ታልፋለች።

ጥናቱን ሊተወው ነበር። እንዳይተወው ያደረገችው ማራኪ ናት። ክንዷ ሲድን የመንደሩን ሰው በቤተ ክርስቲያን ሰብስባ፣ ከሆሴዕ ያስመጣችውን አዲስ ሳጥን ፊታቸው ፈትታ ውስጡን አሳየቻቸው፤ ከዚያ ሁለት የገበሬ ማኅበር ሰዎች መሰላሉን ይዘውላት ራሷ ሰቀለችው። ከእሷ በሚመጣው ልኬት ሆሴዕ ቀመሩን አረመ። ኔትወርኩ የሚቋረጠው እሱ እንደገመተው በዘፈቀደ አልነበረም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ተከታትሎ ነበር የሚጠፋው። ስለዚህ ስልኩ በእኩል ልዩነት ደጋግሞ ከመሞከር ይልቅ የሚጠብቅበትን ጊዜ በየሙከራው እያረዘመ እንዲልክ፣ ሰርቨሩም ተደጋጋሚውን መልእክት ለይቶ እንዲጥል አደረገ።

ጥናቱን ሲከላከል ከገምጋሚዎቹ አንዱ ግራፉ ላይ ባዶ ቦታ አይተው "የዚህ ጣቢያ ልኬት ገና ሲጀምር ለምን ተቋረጠ?" አሉ።

"መሣሪያው ተሰበረ" አለ ሆሴዕ። ቀጥሎም "የሰቀለው ሰውም እዚያው ተገደለ" አለ። ገምጋሚው መነጽራቸውን አውልቀው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።

ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ጠዋት ማራኪ ደወለች። በመንደሯ ደም ለሚፈሳት ወላድ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጽፋ ነበር፤ መልእክቱ በጊዜ ደርሶ፣ ሆስፒታሉ ደም አዘጋጅቶ ጠብቋት፣ እናትም ልጅም ተርፈዋል።

"የማን ሚስት ናት?" አላት።

"ምን ያደርግልሃል?"

"ከደበደቡን ሰዎች የአንዱ እንደሆነች ልወቅ።"

"አልነግርህም፣ መምህር" አለችው ማራኪ። "ስለተረፈች ነው የደወልኩት።"

ስልኩን ዘጋው። ተማሪዎቹ እየጠበቁት ስለነበር ተነሥቶ ወደ ክፍል ሄደ።